የአሥር ደቂቃው ዶሮ

«ዶሮ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል» ያልኳት ዕለት እናቴ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ልጆቼ ዞራ፣ «እናታችሁ ዛሬ ደክሟታል፤ አታስቸግሯት፣ ትተኛ» አለቻቸው።

አልፈርድባትም። በእናቴ ቤት ዶሮ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው። ላባው ይነጫል፣ ይለበለባል፣ 12 ብልቱ ይወጣል፣ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትደርሱ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ጠንካራ የሐበሻ ዶሮ ለምትቀቅል ሴት ግን ትንሽ አይደለችም። እናቴ ዲግሪውን አትቆጥረውም፤ «የደሴ ድስት አይቸኩልም» ብላ ብቻ ታልፈዋለች።

እኔ ግን እቸኩላለሁ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሒሳብ ክፍል። ባለቤቴ ሥራው ሰመራ ስለሆነ ቤት የሚመጣው በወር ሁለት ጊዜ ነው። 11 ሰዓት ከሥራ ወጥቼ፣ ለሚኒባስ ተሰልፌ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቼ ቤቴ ስደርስ 12 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ሁለቱ ልጆቼ ርቧቸዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ለብዙ ጊዜ መልሴ አንድ ነበር፤ ሽሮ። ሽሮን ማንም አይጠላም፤ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን ግን ትንሹ ልጄ ገና ሽታው ሲሸተው «ዛሬም?» ማለት ጀመረ።

መስኮቱ ሥር

እናቴ ድሮ መስኮት ሥር የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። በሰፈራችን ፋሲካ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ክርስትና ሲሆን «ወጡን እሷ ትቅመሰው» የምትባል ነበረች። ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ከሰው ጋር ነው፤ ቢላዋዋ ግን አይስትም። የምትከትፈው ሽንኩርት ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጎረቤቶቻችን «በወንፊት ያለፈ» ይሉት ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል ራሷን አዞራት። ሐኪም ዘንድ ስናደርሳት ግፊቷ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ታዘዘላት። ምክርም ተጨመረ፤ ጨው ይቀነስ፣ ቅቤ ይቀነስ፣ አትክልት ይብዛ።

እኛ ደግሞ ምክሩን ከሚገባው በላይ አጠበቅነው። ጨውና ቅቤ እጇ እንዳይገባ ብለን እሷኑ ከማድ ቤት አስወጣናት። «አንቺ አረፍ በይ፣ እማዬ» አልናት፤ አረፈች። ወንበሯን መስኮቱ ሥር አድርጋ ጦሳን እያየች መዋል ጀመረች። የሚቀርብላትን አልጫ ሁለት ሦስት ጉርሻ ትቀምስና ትተወዋለች። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ፣ «እማማ፣ ዶሮ ወጥ አሠራር አስተምሪኝ» ስትላት፣ «ለማን ብዬ?» አለቻት። ያቺ ቃል ሚኒባስ ውስጥ ሁሉ ትከተለኝ ነበር። የደም ግፊቷን ልንቀንስ ተነሥተን ሌላ ነገር እየቀነስንባት እንደሆነ ገባኝ። ምን እንደማደርግ ግን አላወቅሁም።

ኮምቦልቻ ያየሁት

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ ብረታ ብረቱም እዚያው ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በቻይና ተቋራጭ የተገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ቻይናውያን ባለሙያዎችን ገበያ ውስጥ ቲማቲም ሲመርጡ ማየት ብርቅ አይደለም። እኛ መሥሪያ ቤትም ማሽን ሊተክሉ መጥተው ለወራት የቆዩ ነበሩ፤ ምግብ የሚያበስልላቸው ሰው ይዘው ነው የመጡት። የሰውየው አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ «ካሮት»፣ «ቃሪያ»፣ «ስንት ነው?»፣ «ውድ ነው፣ ቀንስ!»። ከዚህ ውጭ ብዙ አይናገርም። የአትክልት ግዢውን ሒሳብ የማወራርደው እኔ ስለሆንኩ በሳምንት አንዴ እንገናኛለን።

አንድ ቀን ወረቀት ላስፈርመው ማብሰያ ክፍላቸው ገባሁ። ለምሳ ሩብ ሰዓት ነው የቀረው፤ እሳቱ ግን ገና አልተለኮሰም። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። በአንዱ በቀጭኑ የተቆረጠ የዶሮ ሥጋ፣ በአንዱ ካሮት፣ በአንዱ ፎሶሊያ፣ በሌላው ጥቅል ጎመን፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በመጨረሻ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። «ቆይ» አለኝ በእጁ። እሳቱን ለቀቀው፤ መጥበሻው እስኪጨስ ጠበቀ። ከዚያ ሳህኖቹን በተራ በተራ እያነሣ ያስገባና ያወጣ ጀመር። ሰዓቴን አየሁ፤ በዘጠነኛው ደቂቃ ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

የገረመኝ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ አንዴም ቢላዋ አልነካም። እኛ ቤት ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው ነጭ ሽንኩርቱ የሚላጠው፤ ድስቱ ይጠብቀናል። እዚያ ግን የሚጠብቅ ድስት የለም። ሥራው ሁሉ ከእሳቱ በፊት ያልቃል። ለዚህ አሠራር ምክንያቱ ማገዶ መቆጠብ ነው ይባላል፤ በትንንሹ የተቆረጠ ነገር በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይበስላል። የከሰል ዋጋ ለሚያውቅ የደሴ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን ሾርባ

እናቴ «ትተኛ» ያለችኝ በዚያው ሳምንት ነው። ቅዳሜ ሞከርኩት፤ እውነትም ብተኛ ይሻል ነበር።

ሁለት ስሕተት ሠራሁ። አንደኛው፣ የገዛሁት የሐበሻ ዶሮ ነበር። የሐበሻ ዶሮ ሲሮጥ የኖረ፣ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ለወጥ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ለአሥር ደቂቃ እሳት ግን አይሆንም። ሁለተኛው፣ የቸኮልኩ መስሎኝ ሁሉንም ሳህን በአንድ ጊዜ ምጣዱ ላይ ዘረገፍኩት። ምጣዱ ወዲያው በረደ። ዶሮው ውሃ አወጣ፣ ጎመኑ ውሃ አወጣ፣ ሽንኩርቱ ውሃ አወጣ።

እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። ምጣዱ ላይ አጎነበሰችና፣ «ይሄማ ጥብስ አይደለም፤ ዶሮዋን ገላዋን እያጠብሻት ነው» አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳቅ መሀል ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ እናቴ ለወራት ካልረገጠችው ማድ ቤት ውስጥ ቆማለች።

በኋላ ሳስበው ተረቡ ትክክል ነበር። ደሴ ላይ ውሃ ቢንተከተክም ከ92 ዲግሪ አያልፍም፤ ዘይት ግን ከፍታን አያውቅም። ምጣዱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዘይቱ ደሴም ላይ 200 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ዶሮው ወርቃማ የሚሆነው በዚያ ሙቀት ነው። ምጣዱ ውስጥ ውሃ በተጠራቀመ ቅጽበት ወደ 92 ተመለስን ማለት ነው። ያን ጊዜ ስሙ ቅቅል ነው።

በሳምንቱ ለሥጋ የተረባ የፈረንጅ ዶሮ ገዛሁ፤ የደረቱን ሥጋ ለጥብስ፣ አጥንቱን ለልጆቹ ሾርባ። በዚያ ምሽት ደግሞ መብራት ጠፋ። ልተወው ስል እናቴ ከሰል አቀጣጠለች። ማራገቢያውን ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና፣ «ኃይለኛ እሳት አይደል የምትፈልጊው? በይ ጨምሪ» አለችኝ።

ወክ የሚባለው ጎድጓዳ የቻይና መጥበሻ የለኝም። ያለኝ እናቴ ገብስ የምትቆላበት ወፍራም የብረት ምጣድ ነው። ይህ ምጣድ ታሪክ አለው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የያዝነውን ይዘን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ማድ ቤታችን ባዶ ነበር። ቡታጋዙ የለም፣ ሳህኑ የለም፣ እናቴ ለሃያ ዓመት ዶሮ ወጥ የሠራችበት ድስት የለም። ይህ ምጣድ ብቻ ጥላሸቱን እንደለበሰ በሩ ኋላ ተደግፎ ቆየን፤ ማንም አልፈለገውም። እናቴ በአመድ ፈትጋ አጠበችው፤ ለብዙ ሳምንት እንቁላሉንም፣ ሽሮውንም፣ ቆሎውንም የሠራነው በእሱ ነው። ለአሁኑ ሥራ ደግሞ ከቀጭን መጥበሻ ይበልጣል። ወፍራም ብረት ለመጋል ይዘገያል እንጂ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ሥጋው ሲገባበት ቶሎ አይበርድም።

ያን ምሽት ዶሮውን ሁለት ቦታ ከፍዬ ጠበስኩ፣ አትክልቱን በተራ አስገባሁ። እናቴ አንድ ቁራጭ በጣቷ አንሥታ ቀመሰች። አላመጠች፣ አሰበች። «ታዲያ ጥብስ ነው በይኛ! ቻይና ቻይና ስትይኝ ሌላ ነገር መስሎኝ» አለች። ሁለተኛ ቁራጭ አነሣች። ትንሹ ልጄ በሩዝ የቀረበለትን በእንጀራ ጠቅልሎ በላው።

የኔ ጥፋት

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ጥብሱ በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠራ የቤታችን ምግብ ሆነ። እናቴ መብላት ጀመረች። ቅቤ የለውም፣ አትክልቱ ከሥጋው ይበዛል፤ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ የፈጸምኩ መሰለኝ። ጣዕሙ እንዲጠነክር ግን አራት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ አደርግበታለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው እጨምራለሁ። የሾርባ ቅመም ኩብም አልቀረም።

በሁለተኛው ወር ለክትትል ሄድን። ኩራት ኩራት ብሎኛል። መሣሪያው 170 በ105 አነበበ። ሲስተሯ ደግማ ለካች፤ ያው ነው።

«ምን እየበሉ ነው፣ እማማ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ፈጥኜ መለስኩ፤ አትክልት፣ ዶሮ፣ ዝንጅብል። «ጨውስ?» አለችኝ። «ጨውማ ቀንሰናል» አልኳት። «ሶያ ሶስ ትጠቀማላችሁ? ኩብስ?» ዝም አልኩ። ወደ እናቴ ዞራ፣ «መድኃኒቱንስ በየቀኑ ይወስዳሉ?» አለቻት። አሁን ዝም ያለችው እናቴ ነበረች። በኋላ፣ «ምግቤ ከተስተካከለ ብዬ... አንዳንድ ቀን እተወዋለሁ» አለች።

ማታ ጠርሙሱን ከመብራት ሥር አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩ። የሰው ሒሳብ ሳወራርድ የምውል ሴት የራሴን ቤት ሒሳብ አልሠራሁም ነበር። የተለመደው ዓይነት ሶያ ሶስ አንድ የሾርባ ማንኪያ 900 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለው። አራት ማንኪያ 3,600 ነው፤ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 720። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ደግሞ 2,000 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለው፤ ለአምስት ሲካፈል 400። ድምሩ 1,120፤ ኩቡን ገና አልቆጠርኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ነው። በአንድ እራት ብቻ ከቀኑ ድርሻዋ ከግማሽ በላይ እያቀረብኩላት ነበር፤ ያውም «ጤናማ ምግብ» ብዬ፣ «ድገሚ እንጂ» እያልኩ።

አለቀስኩ። እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አብሽሪ» አለችኝ፤ «እኔስ ኪኒኑን ስደብቅ አልነበር? ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን»። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዳ ሽታውን አሸተተችው። «ይህን ሁሉ የምታፈሺው ጣዕም ስለጠፋብሽ ነው። ጣዕም ደግሞ ጨው ብቻ አይደለም»።

ቢላዋው ወደ ባለቤቱ ሲመለስ

በማግስቱ ሶያ ሶሱ አንድ ማንኪያ ብቻ ሆነ፤ ጨውና ኩቡ ጨርሶ ቀረ። የልጆቹ ፊት ተኮሳተረ። እናቴ ግን ሥራ ይዛለች። ሰሊጥ በዚያው ምጣድ እስኪሸት ቆላች፤ በሙቀጫ ለዘብ አድርጋ ወቀጠችው። ዝንጅብሉን በእጥፍ አሳደገችው። ምጣዱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት። «ጨው ሲቀንስ ኮምጣጣ ይግባ፤ ምላስ ነገር ይፈልጋል» አለች። ሰሊጡ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቻይናውያን ከምግባቸው ላይ ጠብ የሚያደርጉት መዓዛማ ዘይት የተቆላ ሰሊጥ ዘይት ነው። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከምትልከው ሰሊጥ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዷም ቻይና ናት። የእኛው ሁመራና መተማ ሰሊጥ ርቆ ሄዶ የሚሠራውን ሥራ እናቴ በሙቀጫ ሠራችው።

ዋናው ነገር ግን የመጣው በካሮት ነው። የቆረጥኩትን ካሮት አየችና መታገሥ አቃታት። «አንዱ የጣት ያህል፣ አንዱ የክር ያህል! እንዴት አድርገው አብረው ይበስላሉ?» አለችና ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችው። ያ የኮምቦልቻው ሰው በሰባት ሳህን ያሳየኝ ነገር ይኸው ነበር። የዚህ ምግብ ብልሃት እሳቱ ሳይሆን ቢላዋው ነው፤ እኩል ያልተቆረጠ ነገር እኩል አይበስልም። እኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት በወንፊት ያሳለፈች የምታስመስል ሴት ነበረች፤ አረፍ በይ ብለን መስኮት ሥር ያስቀመጥናት።

ከዚያ ወዲህ መክተፉ የእሷ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ትንሹ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። እሷ ትከትፋለች፣ እሱ በየሳህኑ ይደረድራል፣ የእህቴ ልጅ እያጠናች ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አሥር ደቂቃ የምለው ጥብስ ከጀርባው የእናቴ አርባ ደቂቃ አለበት። መጀመሪያ ይህ አሳፍሮኝ ነበር፤ የእኔን ጊዜ ለመቆጠብ የእሷን የወሰድኩ መሰለኝ። ስነግራት፣ «ጊዜዬን ምን ላድርገው ነበር? ጦሳን ልቆጥረው?» አለችኝ።

በቅርቡ ስለዚህ ምግብ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። «ስተር ፍራይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ያስተዋወቁት ቡዌይ ያንግ ቻኦ የተባሉ ቻይናዊት ሐኪም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት የምግብ አሠራር መጽሐፍ። መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ በመመለስ ያገዘቻቸው ልጃቸው ናት። እናትየዋ በመቅድማቸው ላይ ከልጃቸው ጋር ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቁ አልደበቁም። ለእናቴ ሳነብላት፣ «እናትና ልጅ በአንድ ማድ ቤት፣ ሳይጨቃጨቁማ አይሆንም» ብላ ሳቀች።

እኛ ቤት እንዲህ ይሠራል

ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ የዶሮ ደረት ሥጋ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይደርቅ፤ እርጥብ ሥጋ አይጠበስም። የሥጋውን ጭረት እያቋረጣችሁ እንደ ትንሽ ጣት በቀጭኑ ቁረጡት። በአንድ እንቁላል ነጭ አስኳል፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርንፍላወርና በግማሽ ማንኪያ ሶያ ሶስ ለውሳችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ኮርንፍላወሩና እንቁላሉ ሥጋውን ሸፍነው እንዳይደርቅ ይይዙታል። ጥሬ ዶሮ የነካ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ አትክልት አይንካ።

ሦስት ካሮት፣ ሁለት እፍኝ ፎሶሊያ፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ በየሳህናቸው ይቆረጡ። ፎሶሊያው ቀድሞ በፈላ ውሃ ሦስት አራት ደቂቃ በሰል ብሎ ይጠንፈፍ። አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የሁለት አውራ ጣት ያህል ዝንጅብል በደቃቁ ይከተፉ። ሩዙ ቀድሞ ይጣድ፤ ከፎገራ የሚመጣው የአገራችን ሩዝም ደኅና አድርጎ ይስማማዋል።

አሁን እሳቱ። ምጣዱ ላይ ጠብ ያለች ውሃ ወዲያው ጢስ ብላ እስክትጠፋ ይጋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጉና የዶሮውን ግማሽ ዘርግታችሁ አንድ ደቂቃ ሳትነኩ ተዉት፤ ከዚያ አገላብጡት። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ውስጡ ቀይነት ሲያጣ ይውጣ፤ የሥጋ ቴርሞሜትር ያላችሁ 74 ዲግሪ እንዲደርስ ጠብቁ። ቀሪው ግማሽ ይግባ፤ እሱም ይውጣ። ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ካሮትና ፎሶሊያ ሁለት ደቂቃ፣ ሽንኩርትና ጎመን አንድ ደቂቃ፣ በመጨረሻ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ብታስገቡት ያርና ይመርራል። ዶሮው ይመለስ፤ ቀሪው ግማሽ ማንኪያ ሶያ ሶስ በሁለት ማንኪያ ውሃ ቀጥኖ ይፍሰስበት። አውርዱት። ግማሽ ሎሚና ሁለት ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ይጨመርበት። የአንድ ሰው ሶዲየም ከሶያ ሶሱ 180 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይሆናል።

ረቡዕና ዓርብ ዶሮውና እንቁላሉ ቀርተው በተቆላ ለውዝ ይተካሉ። ሙስሊም ጎረቤታችን እትዬ ጎራ ሲሉም የምንሠራው ይህንኑ ነው። ወሎ ነንና ሥጋችን በየእምነታችን የታረደ ነው፤ ከአንድ ምጣድ የሚያበላን አትክልቱ ነው። ሶያ ሶሱንም የሐላል ምልክት ያለበትን እየመረጥን እንገዛለን፤ እሳቸው ሳይጠይቁን በፊት።

የት ደረስሽ?

ባለፈው ክትትል የእናቴ ግፊት 140 በ85 ነበር። ምግቡ ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ ኪኒኗን አሁን በየቀኑ ትወስዳለች። የሚያስታውሳት ትንሹ ልጄ ነው፤ ካሮት መደርደር ከመጀመሩ በፊት ኪኒኑን በመዳፉ ይዞ ይመጣል። በቤታችሁ ግፊት ያለበት ሰው ካለ ከእኔ ስሕተት ተማሩ፤ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ፣ መድኃኒቱን ደግሞ ከሐኪሙ በቀር ማንም አያቁመው።

ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሠርታለች። ቅቤው ጥቂት፣ ጨው ከወትሮው በታች፤ ሽንኩርቱ ግን ያው በወንፊት ያለፈው። ከፊት የቆመችው የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስታዝዝ ዋለች። «ለማን ብዬ» የሚለውን ቃል ዳግም አልሰማሁትም።

ሥራ ውዬ ማታ ሚኒባሱ ሀረጎን ሲያጋምስ ስልኬ ይጮኻል። ሰላምታ የለም።

«የት ደረስሽ?»

«ሀረጎ ነኝ፣ እማዬ።»

«በይ እንግዲህ፣ ሩዙን ልጣደው። ካሮቱ ከተከተፈ ቆይቷል።»